አሥራ ሰባት ፓውንድ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ዝናብ። ገበሬው ሁሉ በረንዳው ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ትራክተር የሚገባበት መሬት የለም። ለእኔ ግን ደህና የጋራዥ ቀን ነበር።

የእሽቅድምድም መኪናችንን የሾፌር በር ፈታሁት። የሚስቴን የኖርማን ሚዛን ከመታጠቢያ ቤት አምጥቼ መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁበት፣ ከዚያ በሩን እንደ ሙሽራ ታቅፌ ወጣሁ። ቀንሼ ሳየው በሩ ሰማንያ አራት ፓውንድ። እኔ መቶ ዘጠና አንድ… አምና መቶ ሰማንያ ስድስት ነበርኩ። መኪናው ሲከሳ እኔ እወፍራለሁ። ሚስቴ በመስኮት ብቅ ብላ "ሚዛኔን ግራሶ ካስነካኸው እንደ በሩ አንተንም እፈታሃለሁ" አለች።

ልጄ ትሪና ከሥራ በኋላ መጣች። የአውቶቡስ ነጂነት ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። አምስቱን ቀን አርባ ተማሪ ጭና በቀስታ ትነዳለች፤ እሁድ ሲመጣ ይህን የ1955 ሼቭሮሌ ሩብ ማይል በአሥራ አንድ ሰከንድ ታስጨርሰዋለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አንዲት ልጄ። አንዳንዴ ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰው መሆናቸውን እጠራጠራለሁ።

ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፍኩትን ዝርዝር ጮክ ብላ አነበበች። ኮፈኑ ፋይበር። የፊት ፓራፋንጎዎች ፋይበር። የኋላው ክዳን አሉሚኒየም፣ መስታወቶቹ ፕላስቲክ። የቀኙ በር ከሰማንያ አራት ወደ ሃያ ዘጠኝ። "የቀረን የኔ በር ነው" አለች። "እሱም ሃያ ዘጠኝ ከገባ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ እንሆናለን።" ሕጉ ነጂው ተቀምጦበት ከሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ በታች አይፈቅድም። አንድ ፓውንድ ብቻ ትርፍ ይዞ መሰለፍ… ማን ያገኘዋል? ጌሪ ስቱትስ ልክ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው ይላሉ። ባለፈው መስከረም በፍጻሜው ያሸነፋት እሱ ነው። የበረዶውን ወራት ሁሉ ስሙ በተነሳ ቁጥር ጥርሷን ስትነክስ ነው የከረመችው።

"እስከ ቅዳሜ ይደርሳል?" አለችኝ።

"ይደርሳል" አልኳት። ምን ቸገረኝ፣ የማውቀው ሥራ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

የበሩን ሆድ ዕቃ አወጣሁ። መስታወት ማውረጃውን፣ ቁልፉን፣ የውስጡን ላሜራ። የቀረውን አጥንቱን ደግሞ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ተጎታች ቤት ፋብሪካ ውስጥ ላሜራ ስቆርጥ ነው የኖርኩት፤ እጄ ሳያስብ ይሠራል። ከዚያም በፊት…

ከዚያ በፊት የጓደኛዬ የሌላንድ መሽቀዳደሚያ መኪና ነበር።

ስጨርስ በሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ገባ። ጣቴን ሳነሳ ፖክ ብሎ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ጫንኩ። ፖክ። ከዚህ ላሜራ ወዲያ የሚቀመጠው የትሪና ግራ ጎን ነው። ክንዷ፣ የጎድን አጥንቷ፣ ዳሌዋ። ከራሷ በላይ የብረት ቅስት አላት፤ ከጎኗ ግን ምንም። የዚያን ዘመን መኪና እንደ ዘመኑ ነው የሚሠራው፣ ሕጉም የጎን ብረት አያስገድድም። ኮፈን ቢሳሳ ማንም አይሞትም። በር ግን…

በ1967 የሌላንድን በር አሲድ ውስጥ ነክረነው ነበር። እንዲቀል። ሐሳቡ የእኔ ነው። ዓርብ አስገብተን ሰኞ ስናወጣው ወረቀት ሆኗል፤ ጎበዞች ነን ብለን ሳቅን። በሐምሌ መኪናው ተንሸራቶ በጎኑ የብረት አጥሩን መታ። ሌላንድ ተረፈ። ግራ እግሩ ግን ከቀኙ አራት ጣት ያጥራል። አንድ ቀን እንኳ አንተ ነህ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው እንዴት የገዛ ልጁን በር በእጁ ያሳሳል?

እራት አልበላሁም። ኖርማ ምን ሆነህ ነው አለች። ሆዴን ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ትሪና የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ቡድን ጭና ኢንዲያናፖሊስ ሄደች። ስድስት ሰዓት አለኝ ብዬ አሰብኩ። ሌባ እንደሚያስበው።

ሁለት ጣት የሚወፍር የብረት ቱቦ ቆረጥኩ። ከማጠፊያው እስከ ቁልፉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በበሩ ውስጥ አጋድሜ በየድኩት። ዳሌዋ የሚያርፍበት ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ብረት ጨመርኩ። ከላይ በስስ አሉሚኒየም ሸፈንኩትና ዙሪያውን በሪቬት መታሁት። አሁን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው አይገባም። ደስ አለኝ። እንደ ሕፃን ደጋግሜ ጫንኩት።

መዘንኩት። አርባ ስድስት።

ጠመኔውን አነሳሁና ግድግዳው ላይ "የግራ በር፦ 29" ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ከሌሎቹ ቁጥሮች በምንም አይለይም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እሁድ፣ ሚያዝያ 13

በሩን ገጠምን። ማለቴ እኔ ያዝኩ፣ እሷ ብሎን አሰረች። "ኧረ እኔ ልያዝ፣ ሃያ ዘጠኝ ፓውንድ ምን አላት" ስትል "ወገብሽን ተይ" አልኳት። የስድሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ለሠላሳ አራት ዓመት ወገብ ሲጨነቅ።

ስትዘጋው ቆም አለች። "ከበድ አላለም?"

"ማጠፊያው አዲስ ግራሶ ስላለው ነው።"

ግራሶ ያከብዳል እንዴ? ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ስቃ ትሞት ነበር። አመነችኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

መኪናውን ሌላንድ የሚሠራበት የእህል መጋዘን ወስደን መዘንነው። እዚህ አገር የሚወዳደር ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚመዝነው። ሚዛኑ የተሠራው በቆሎ ለጫነ የጭነት መኪና ነው፣ ሃያ ሃያ እየዘለለ፣ ትርፏን ወደ ላይ እየሞላ ነው የሚቆጥረው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቄ ነው። ቱቦውን ስቆርጥ ራሱ አስቤዋለሁ።

ትሪና ገብታ ተቀመጠች። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አለ።

"የበቆሎ ሚዛን!" ብላ ሳቀች። "አንድም ትርፍ ይኑረን አሥራ ዘጠኝ ለሱ ያው ነው።" ደስ ብሏታል።

ሌላንድ ከዘራውን እየደገፈ መኪናውን ዞረው። የግራውን በር ከፈተ፣ ዘጋ። ደግሞ ከፈተ፣ ዘጋ። ወደ ቀኙ ሄዶ እሱንም እንዲሁ። ከዚያ አየኝ። ትሪና ተጎታቹን ልታመጣ ስትሄድ ጠጋ አለኝ።

"ሚዛኔ ሃያ ሃያ ይቆጥራል፤ እኔ ግን አንድ አንድ ነው የምቆጥረው።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ንገራት ማለቴ ነው።"

"ብነግራት ታወጣዋለች።"

"ታወጣው ይሆናላ።"

"አንተ እንዲህ ትላለህ ሌላንድ? አንተ?"

ከዘራውን አነሳና አጭሩን እግሩን መታ መታ አደረገው። "በሩ ወረቀት መሆኑን አውቄ ነው የገባሁበት። አሲዱ ውስጥ አብረን አይደል የነከርነው? አንተ ሰውዬ ይህን እግር ሠላሳ ስድስት ዓመት ተሸክመህልኛል። እግሩ እኮ የኔ ነው።"

መኪና ውስጥ ገብቼ ጠበቅኋት። መንገዱን ሁሉ ስታወራ አዎ፣ አዎ ስላት መጣሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 4

ተሸነፈች።

አጥሩ ዘንድ ቆሜ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሳሉ፣ ትንፋሼ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ ማርሾቹን በጆሮዬ እቆጥራለሁ። ሁለተኛ… ሦስተኛ… አራተኛ። አራተኛው ገብቶ ጭስ ካልታየኝ መልሼ ሰው እሆናለሁ። አራተኛው ገባ። ሁለቱም እኩል ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ስቱትስ በአንድ ክንድ ተኩል ቀደማት።

እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ መቶ ፓውንድ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ትበላለች። ጎማ ላይ ተቀምጬ በመግቢያ ትኬቱ ጀርባ አሰላሁት። አሥራ ሰባት ፓውንድ፣ ሁለት ክንድ። የተሸነፈችው በአንድ ተኩል። ትኬቱን ቀዳድጄ ጣልኩት።

ያሸነፋት ቱቦዬ ነው። ደግሞ ምን ያሳፍረኛል… ደስ ብሎኝ ነበር። በእግሯ እየሄደች ስትመጣ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስቱትስ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ መጣ። "ትሪና፣ ዛሬ አውቶቡሱን ነው እንዴ ይዘሽ የመጣሽው?"

"አዎ" አለች፣ "አንተን ላሳፍርህ ብዬ።" ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ የውድድሩ ሚዛን ላይ ወጣች። ይኸኛው በየጎማው ሥር ነው የሚቀመጠው፣ አንዲት ፓውንድ አያመልጠውም። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

"ግድግዳው ዘጠኝ መቶ አንድ ነው የሚለው። አሥራ ሰባት ፓውንድ የት ገባ?"

"ነዳጅ ይሆናል… ጭቃ…"

"ትናንት አጥቤዋለሁ አባዬ።"

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ስትፈልግ አመሸች። ብሎን እየፈታች በኖርማ የዱቄት ሚዛን ትመዝናለች። የባትሪ ገመድ፣ የፔዳል ጎማ፣ የመሪው መሐል ያለችውን ክብ ነገር ሳይቀር። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ካቻቢቴ አቀብላለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ… ላሟ የት እንደዋለች የማውቅ እኔ ነኝ።

ያልመዘነችው በሮቹን ብቻ ነው።

"በሮቹስ?" አልኳት። ለምን አልኳት? እንድትይዘኝ ፈልጌ ይሆናል።

"በሮቹን አንተ አይደለህ የመዘንካቸው" አለች ቀና ሳትል። "ያንተን ጽሕፈት ከጠረጠርኩማ መኪናውንም አልነዳው።"

አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ኖርማ እራት ቀርቧል ብላ ተጣራች። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው አሁንም አሥራ ሰባት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ኖርማ የአሳማ ጥብስ በድንች ሠራች፤ ትሪና የምትወደው ነው። ትሪና ሳህኑን ገፋ አድርጋ ከቦርሳዋ ሦስት ኪያርና አንድ ብልቃጥ እርጎ አወጣች።

"ምንድነው እሱ?" አለች እናቷ።

"ከመኪናው ካልወጣ ከኔ ይወጣላ። እስካሁን አምስት ቀንሻለሁ። ሁለት ብጨምር ሰባት።"

ጉንጯ ገብቷል። ዛሬ ነው ያየሁት። ኪያሩን ስትቆረጥም ድምፁ ይሰማል። ኖርማ እኔን አየችኝ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ በሚል ዓይን። እኔ ጥብሱን መብላት ቀጠልኩ… ሁለት ቁራጭ በላሁ። ልጄ በውሸቴ እየከሳች እኔ ሁለት ቁራጭ በላሁ።

ከሄደች በኋላ ጋራዥ ገብቼ ተለማመድኩት። ትሪና፣ በርሽ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ትሪና፣ እንዳትቆጪ። እንዳትቆጪ የሚል አባት… ብነግራት ምን ይሆናል? በዚያው ቀን ቆርጣ ታወጣዋለች። ከዚያ እሁድ ይመጣል፣ እኔም አጥሩ ዘንድ ቆሜ ፖክ የሚለውን ድምፅ በጭንቅላቴ እየሰማሁ ማርሽ እቆጥራለሁ። አልችልም።

ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 30

መኪናውን ወስዳ ራሷ ቤት ካሳደረችው ሁለት ሳምንት ሆነ። ብቻዬን ልሥራ አለች። ዛሬ እየዘፈነች መጣች።

"አገኘሁት አባዬ። ሰባት ከራሴ፣ አሥር ከመኪናው። ንጹሕ ዘጠኝ መቶ አንድ።"

ትርፉ በሩ ውስጥ እንጂ ሌላ የትም የለ… አሥር ፓውንድ ከምን ላይ ቀነሰች? "ከየት?" አልኳት።

"አልነግርህም። ትጨነቃለህ።"

"እኔ? እኔ መቼ ተጨንቄ አውቃለሁ?"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለች ትከሻዬን ቸብ አድርጋ። "አንተ ምን ትፈራለህ።"

እንዲህ ነው የምታውቀኝ። እንዲህ እንድታውቀኝ አድርጌ ነው ያሳደግኋት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ መጀመሪያ ሞተር ስታስነሳ አጠገቧ ቆሜ አፏጭቼ ነበር። ያፏጨሁት ጥርሴ እንዳይንቀጫቀጭ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 31

ትሪና የጓደኛዋ ሰርግ ላይ ናት። ኖርማ ያላትን ቁልፍ ወስጄ ቤቷ ሄድኩ። ደግሞ ሌብነት።

መኪናው ሥር ገብቼ ሦስት ሰዓት ተጋደምኩ። ፍሬኑን አየሁ፣ ደህና ነው። የመሪውን ዘንጎች በእጄ ነቀነቅሁ። የኋላውን አክሰል፣ ጎማ የሚያስሩትን ብሎኖች አንድ በአንድ። ጫፋቸው የተቆረጠ ጥቂት ብሎኖች አገኘሁ፣ ግማሽ ፓውንድ ቢሆኑ ነው። የቀረው ዘጠኝ ተኩል የታለ?

ቱቦዬን ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ። የሷን አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል… እናቴ ይህን ስትል ጆሮዬን እይዝ ነበር።

ከመኪናው ሥር ስወጣ ወገቤ ቀጥ አልል ብሎ የግራውን በር ይዤ ተነሳሁ። እሱ ብቻ ነው ንቅንቅ የማይል።

እሁድ፣ ሰኔ 8

ጽፌ ልገላገል።

ጠዋት ሁለት ሰው አሸነፈች። ለፍጻሜው ከስቱትስ ጋር ወጣች። ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሞተሮቹ ተነስተዋል፣ መሬቱ በእግሬ በኩል ይሰማኛል። ትሪና በመስኮቱ በኩል በእጇ ጠራችኝ፤ የወገብ ቀበቶዋ አንዱ ጫፍ ከመቀመጫው ሥር ተጠማዞ አልሳብ ብሏታል። በሩን ከፍቼ ጎንበስ አልኩና እጄን ከሥር ሰደድኩ።

ጣቴ ቀዳዳ ነካ። ሌላ ቀዳዳ። ሌላ።

መቀመጫውን ከወለሉ ጋር የሚያስረው ብረት ነው። እኔ ራሴ ከወፍራም ብረት የሠራሁት፣ ሃያ ፓውንድ የሚመዝን። ቀበቶዎቿም የሚታሰሩት እሱው ላይ ነው። ባለፈው ጊዜ መኪናውን ሁሉ ስበረብር የመቀመጫውን የቆዳ ልባስ ገልጬ አላየሁም። ማን ያስባል? የተቀመጠበትን የሚቦረቡር ሰው አለ? በአንዱ ጎን ብቻ አሥራ አንድ ቀዳዳ ቆጠርኩ። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ጥፍሬን የሆነ ነገር ያዘው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።

"አጥፊው" አልኳት።

አልሰማችም። መነሻው ላይ የቆመው ሰውዬ ወደፊት እንድትመጣ በእጁ ይጠራታል። የስቱትስ ጎማ እየጨሰ ነው። ወጥቼ መኪናው ፊት ቆምኩ። ሁለት እጄን ዘርግቼ። በድምፅ ማጉያው አንድ ሰው እኚህን ሽማግሌ አንሱልን ይላል። ትሪና ሞተሩን አጠፋች፣ ሄልሜቷን እያወለቀች ዘላ ወረደች።

"አባዬ ምን ሆንክ? ልብህ ነው?"

"መቀመጫሽ ተሰንጥቋል።"

ቆም አለች። "አይሆንም። አስቤ ነው የበሳሁት። አሥሩን ፓውንድ ከሆነ ቦታ ማግኘት ነበረብኝ።"

"የሚገኝ አሥር ፓውንድ የለም ትሪና። በርሽ ውስጥ ነው። የብረት ቱቦ አስገብቼበታለሁ፣ አሥራ ሰባት ፓውንድ ነው። ግድግዳው ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው።"

የመነሻው ሰውዬ መጥቶ ትሮጣላችሁ ወይስ አትሮጡም አለ። ትሪና በሩን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው። ዞራ ሄዳ የቀኙን ኳ ኳ አደረገች። ተመለሰች።

"ሰባት ፓውንድ ከሥጋዬ ላይ አወጣሁ" አለች። "አንተ ገበታ ላይ ተቀምጠህ እያየኸኝ።"

ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል። በሰው ፊት ሆኖብኝ ነው መሰል "ላንቺ ብዬ ነው" አልኳት። ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ስቱትስ ብቻውን ሮጦ ዋንጫውን ወሰደ። በኋላ መጥቶ መቀመጫው ሥር ተንበርክኮ አየና ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። "ዋንጫውን አልፈለግኩትም አልልም" አላት፣ "ግን እንዲህ አልፈለግኩትም።"

ግጭት ቢመጣ በሩ ያድናት ነበር፣ መቀመጫው ግን ተነቅሎ ይዟት ይሄድ ነበር። መቀመጫውን ያስበሳት ደግሞ በሩ ነው። ከየትም ጀምሬ ባስበው እኔው ዘንድ ይመጣል። የሌላንድን እግር ፈርቼ ልጄን ልገድል ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

አልደወለችም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ዛሬም። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለቱም የኖርማ እህት ናት።

ኖርማ ሳህን እያጠበች "ደውልላት" አለች።

"ምን ልበላት?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እናንተ ስትሄዱ እሁድ እሁድ ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ሳህን ሳጥብ ነው የምውለው። ንጹሑን ሳህን። አንድ ቀን ለምን ብለህ ጠይቀኸኛል?"

አልጠየቅኋትም። እውነቷን ነው። ፎጣ አንስቼ አጠገቧ ቆምኩና የታጠበውን ማድረቅ ጀመርኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

መኪናውን ልትወስድ መጣች። ከዚያ እሁድ ጀምሮ እኔ ጋራዥ ነበር የቆመው። ደህና ዋልክ አለችኝ፤ ብቻ። በእጇ እርጥብ ስፖንጅ ይዛለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አጠበችው። የስድስት ዓመት ጽሕፈቴ ነጭ ውኃ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"ጠይቀኸኝ ቢሆን ምን እንደምልህ ታውቃለህ?" አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ።

"አውጣው ትዪኝ ነበር።"

"ይሆናል። አላውቅም። አንተም አታውቅም። የወሰድክብኝ እሱን ነው።"

ላግዝሽ አልኳት። አይ አለች። ብቻዋን ጎትታ ጫነችው፣ ብቻዋን አሰረችው። ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ ስትፈትሽ ቆሜ አየኋት። በደንብ ነው የምታስረው። ወርዳ መንገዱ ጋ እስክትታጠፍ አየኋትና ወለሉን መወልወል ጀመርኩ።

እሁድ፣ ሰኔ 29

ተሸነፈች። በሁለት ክንድ። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፣ ዛሬ ግን ዋናው እሱ አይደለም።

ከሌላንድ ጋር ሄድኩ። እንደማንኛውም ተመልካች በሩ ላይ ቲኬት ቆርጠን ገባንና ከላይኛው ወንበር ተቀመጥን። ትሪና መምጣቴን አታውቅም ብዬ ነበር። ስትሰለፍ ሳያት ዓይኗ ወንበሮቹ ላይ ይፈልጋል። ወርዳ አጥሩ ድረስ መጣችና በእጇ ጠራችኝ።

"ሂድ እንጂ" አለኝ ሌላንድ። "ወይስ እኔ ልሂድልህ? በዚህ እግሬ ማታ እደርሳለሁ።"

ወረድኩ። ትንሽ ጉንጭ አውጥታለች። መኪናው ጋ እስክንደርስ አላወራችም። እዚያ ስንደርስ መቀመጫውን ገልጣ አሳየችኝ። አዲስ ብረት፣ ሙሉ፣ አንድ ቀዳዳ የለበትም። የራሷ ብየዳ ነው፤ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ግን ጠንካራ ነው።

"በሩንም ከፍቼ አየሁት" አለች። "ቱቦውን ትቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"ቆሜ አሰብኩበትና ፈለግሁት። ዘጠኝ መቶ አሥራ አምስት ነኝ። ስቱትስ ዛሬም ያሸንፈኛል።"

ገብታ ተቀመጠች። ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደፊት፣ ወደ መንገዱ እያየች ጠየቀችኝ።

"ትፈራለህ?"

ዘንድሮ ብዙ ነገር ሰርቄባታለሁ፤ ይህን መልስ ግን መስረቅ አልፈለግሁም። "እፈራለሁ" አልኳት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካስነሳሽው ቀን ጀምሮ።"

ፊታችን ያለው መኪና ተነስቶ ሄደ፣ ጭሱ እኛ ላይ መጣ።

"እኔም" አለች። "መብራቱ ጋ ስደርስ ወርጄ መሄድ ያምረኛል። አንተ የማትፈራ እየመሰለኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አፍር ነበር።"

ሄልሜቷን አጠለቀች። የትከሻዋን ቀበቶ ሁለት ጫፎች አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ከዚህ በፊት ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም ነበር። ሳብኩ።

"ጨምር" አለች።

አንድ ጉልበቴን ወለሉ ላይ አድርጌ ጨመርኩ።

"ጨምር አባዬ።"

ጨመርኩ።